ሳያዩ አለማዘዝ፤ ስለ ኮምፒዩተር ኮንቴይነሮች አስተዳደር ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

ዕቃ በመርከብ የሚያስመጣም ሆነ የሚልክ ነጋዴ ኮንቴይነር የተባለውን የብረት ሣጥን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ማልኮም ማክሊን የተባለው አሜሪካዊ የጭነት ማመላለሻ ባለሀብት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አፕሪል 26 ቀን 1956፣ አይዲያል ኤክስ በተባለችው መርከብ 58 ሣጥኖች አስጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ከላከ ወዲህ፣ ጆንያውና በርሜሉ አንድ በአንድ በወዛደር ትከሻ የሚወርድበት የወደብ ልማድ ቀስ በቀስ ተለውጧል። የሣጥኑም ጥቅም ግልጽ ነው። በውስጡ ቡና ይሁን ጫማ፣ መለዋወጫ ይሁን መድኃኒት፣ የውጭ ልኩና ማያያዣው አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፣ የወደቡ ክሬንም፣ መርከቡም፣ ከጂቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚያመጣው የጭነት መኪናም ያለ ችግር ይቀበሉታል።

የኮምፒዩተር ሊቃውንትም ይህንኑ አሳብ ለራሳቸው ሥራ አውለውታል። ቀድሞ አንድ ፕሮግራም ከተሠራበት ማሽን ወደ ሌላ ሲዛወር፣ አንድ አጋዥ ፕሮግራም በመጉደሉ ወይም እትሙ በመለያየቱ ምክንያት አልሠራም ማለቱ የተለመደ ነበር። አሁን ግን ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው አጋዥ ሁሉ ጋራ በአንድ ጥቅል ታሽጎ ይላካል፤ ጥቅሉም ተከፍቶ በሥራ ላይ ሲውል ኮንቴይነር ይባላል። ይህ ዘዴ በሰፊው የታወቀው ዶከር የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ሣጥን ሲበዛ ካቦ ያስፈልጋል። የትኛው ጥቅል በየትኛው ማሽን ላይ ይቀመጥ? አንዱ ቢወድቅ ማን ይተካው? ሥራ ሲበዛ ማን ይጨምር? ለዚህ ሁሉ መልስ ይሆን ዘንድ ጉግል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ኩበርኔቲስ የተባለውን ሥርዐት ይፋ አደረገ፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትምም በጁላይ 2015 ወጣ። ስሙ በግሪክ ቋንቋ መርከብ ነጂ ማለት ነው፤ ምልክቱም 7 ዘንጎች ያሉት የመርከብ መሪ ነው። ዛሬ ባለቤትነቱ በአንድ ኩባንያ እጅ ሳይሆን ክላውድ ኔቲቭ ኮምፒዩቲንግ ፋውንዴሽን በተባለው ማኅበር ሥር ይገኛል።

ይህ ነገር ነጋዴውን ምን አገባው? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የደንበኛን የዕቃ ጥያቄ መቀበል፣ የመጋዘንን ቆጠራ መያዝ፣ ፋክቱር ማውጣት በኮምፒዩተር የሚከናወን በሆነ መጠን፣ ፕሮግራሙ የቆመ ቀን ሱቁም የተዘጋ ያህል ነው። ነጋዴው የጭነት መኪና ባይነዳም የማስጫኛ ሰነድ አንብቦ ይረዳል፤ እንዲሁም የኮምፒዩተሩን ትእዛዝ በገዛ እጁ ባይጽፍም፣ የትኛው ትእዛዝ ማየት፣ የትኛው መለወጥ፣ የትኛው ደግሞ ማጥፋት እንደ ሆነ ለይቶ ቢያውቅ ሀብቱን ይጠብቅበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ነው።

ካቦውና ማኒፌስቱ

ኩበርኔቲስ የሚያስተዳድራቸው ማሽኖች በኅብረት ክላስተር ይባላሉ። እያንዳንዱ ማሽን ኖድ ነው፤ በንግድ ቋንቋ ብንመስለው እንደ አንድ መጋዘን ሊቈጠር ይችላል። በኖዱ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ክፍል ፖድ ሲባል፣ በውስጡ አንድ ወይም ከአንድ የበለጡ ኮንቴይነሮች ይይዛል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ሥራ የሚያከፋፍልና መዝገብ የሚይዝ የመቈጣጠሪያ ክፍል አለ። ኢቲሲዲ የተባለው መዝገብ ብዙ ጊዜ በ3 ወይም በ5 ማሽኖች ላይ በቅጂ ይቀመጣል። 3 ቢሆኑ አንዱ፣ 5 ቢሆኑ ሁለቱ ቢጠፉ እንኳ የተረፉት ከግማሽ በላይ ስለሚሆኑ ሥራው አይቋረጥም።

የዚህ ሥርዐት ልዩ ጠባይ እንዲህ ነው። ባለሙያው «ይህን አድርግ፣ ቀጥሎም ያን አድርግ» እያለ በዝርዝር አያዝም፤ የሚፈልገውን ሁኔታ በጽሑፍ ያስታውቃል እንጂ። ይህ ጽሑፍ በሙያው ቋንቋ ማኒፌስት ይባላል፤ ቃሉም ለአስመጪዎቻችን እንግዳ አይደለም። የመርከብ ማኒፌስት የተጫነውን ይዘረዝራል፤ የክላስተር ማኒፌስት ደግሞ ሊኖር የሚገባውን ይዘረዝራል። ለምሳሌ የዕቃ ጥያቄ መቀበያው ፕሮግራም በ3 ፖዶች ይሥራ፣ እያንዳንዱም ከ256 ሜጋባይት የበለጠ ሜሞሪ አይጠቀም ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ካቦውም ሌሊትና ቀን የተጻፈውን ካለው ጋራ ያመሳክራል። አንዱ ፖድ ቢወድቅ ሌላ ይተካል፤ የአንድ ኖድ ድምፅ ቢጠፋም፣ በተለመደው አደረጃጀት 5 ደቂቃ ያህል ታግሦ፣ በዚያ የነበሩትን ፖዶች በሌላ ኖድ ላይ እንዲተኩ ያደርጋል።

ባለሙያው ከዚህ ካቦ ጋራ የሚነጋገረው ኩብ-ሲቲኤል በተባለ የትእዛዝ መስመር ነው። ሥዕልና ቁልፍ የለበትም፤ በጥቁር መስኮት ላይ አንድ መስመር ይጻፋል፣ መልሱም ከሥሩ ይነበባል። የትእዛዞቹ ዝርዝር ረጅም ቢሆንም በየቀኑ የሚዘወተሩት ከ12 ወይም ከ15 አይበልጡም።

አስቀድሞ የት እንደ ቆሙ ማወቅ

ከሁሉ የሚቀድመው ትእዛዝ «ኮንፊግ ከረንት ኮንቴክስት» የሚባለው ነው፤ ትርጕሙም አሁን የምናገረው ከየትኛው ክላስተር ጋራ ነው? ማለት ነው። አንድ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ሁለት ክላስተሮች ያስተዳድራል፤ አንዱ የመሞከሪያ፣ ሁለተኛው ደንበኞች የሚገለገሉበት ነው። ሁለቱም በአንድ መስኮት፣ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ይታዘዛሉ፤ በመልክም አይለያዩም። ለመሞከሪያው የታሰበ የማጥፊያ ትእዛዝ ለዋናው ቢሰጥ፣ ካቦው «ተሳስተሃል» አይልም፤ የታዘዘውን ይፈጽማል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ የዋናውን ክላስተር ስም በመስኮቱ ላይ በቀይ ቀለም ያሳያል፤ ማናቸውንም ነገር ከመለወጡም በፊት ስሙን ያነባል።

በበዓል ዋዜማ

የቀሩትን ትእዛዞች በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። እንበልና በመርካቶ የሚገኝ አንድ ጅምላ አከፋፋይ የባለሱቆችን የዕቃ ጥያቄ የሚቀበለው በእንዲህ ያለ ክላስተር ላይ በሚሠራ ፕሮግራም ነው። ቀኑ የፋሲካ ሰሞን ነው፤ ዘይቱም፣ ዱቄቱም፣ ቅቤውም ይጠየቃል። በድንገት ግን ባለሱቆቹ «አልቀበል አለን» እያሉ ስልክ ይደውሉ ጀመር። ባለቤቱ ይጨነቃል፤ «አጥፍተህ አስነሣው!» ብሎ ባለሙያውን ያጣድፋል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ ነው ጉዳት የሚመጣው። ፖዱ ከተሰረዘ በትእዛዝ መስመሩ ሊነበብ ይችል የነበረው የሥራ ማስታወሻው አብሮ ይሄዳል፤ የወደቀበትም ምክንያት ሳይታወቅ ይቀራል። ምክንያቱ ካልተወገደ ደግሞ አዲሱም ፖድ እንደ ቀድሞው ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጻፈው «ጌት ፖድስ» ነው። ይህ ትእዛዝ ምንም አይለውጥም፤ የፖዶቹን ስም፣ ሁኔታና ዕድሜ፣ ስንት ጊዜም ወድቀው እንደ ተነሡ በሰንጠረዥ ያሳያል።

ከሰንጠረዡ የሚነበቡት ቃላት ጥቂት ናቸው። «ራኒንግ» ማለት በመሥራት ላይ ነው ማለት ነው፤ ነገር ግን በአጠገቡ ከ1 ውስጥ 0 ተብሎ ቢጻፍ፣ በሩ ተከፍቶ ሻጭ እንደሌለበት ሱቅ ነውና ደንበኛ አይቀበልም። «ፔንዲንግ» ሲል ብዙ ጊዜ ፖዱ የጠየቀውን ሜሞሪ ወይም የማስሊያ ኀይል የሚችል ኖድ አልተገኘም፤ ዕቃው ወደብ ደርሶ መኪና እንዳጣ ዓይነት ነው። «ኢሜጅ ፑል ባክ ኦፍ» ጥቅሉን ከተቀመጠበት ማምጣት አልተቻለም ሲል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ተሳስቶ ተጽፏል ወይም የመግቢያ ፈቃድ የለም። «ክራሽ ሉፕ ባክ ኦፍ» ደግሞ ፕሮግራሙ ተነሥቶ ይወድቃል፣ እንደገና ተነሥቶ ይወድቃል ማለት ነው። በተለመደው አደረጃጀት ካቦው በመጀመሪያ 10 ሴኮንድ፣ ቀጥሎ 20፣ ከዚያም 40 እያለ በእጥፍ እየጨመረ እስከ 5 ደቂቃ እየጠበቀ ያስነሣዋል።

የጅምላ አከፋፋያችን ፖዶች በዚህ በመጨረሻው ሁኔታ ላይ ተገኙ እንበል። ሁለተኛው ትእዛዝ «ዲስክራይብ» ነው፤ የአንዱን ፖድ ሙሉ ታሪክ ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ውስጥ «ኦ.ኦ.ኤም. ኪልድ» የሚል ቃልና 137 የሚል ቍጥር ቢገኝ፣ ፕሮግራሙ ከተፈቀደለት የበለጠ ሜሞሪ ስለ ጠየቀ እንዲቆም ተደርጓል ማለት ነው። በዝርዝሩ ግርጌ የደረሱት ሁኔታዎች በየሰዓታቸው ይነበባሉ፤ ነገር ግን ይህ የግርጌ ማስታወሻ በተለመደው አደረጃጀት የሚቆየው 1 ሰዓት ብቻ ነው። «ነገ አየዋለሁ» የሚል ባለሙያ ባዶ ገጽ ያገኛል።

ሦስተኛው ትእዛዝ «ሎግስ» ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ በሥራ ላይ ሳለ የጻፈውን ያሳያል። በዚህ ላይ «ፕሪቪየስ» የሚለው ቃል ሲጨመር፣ አሁን ያለው ኮንቴይነር ሳይሆን ከእርሱ በፊት የወደቀው የጻፈው የመጨረሻ ቃል ይነበባል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚገኘው እዚያ ነው። «ቶፕ» የተባለው ትእዛዝ ደግሞ፣ መለኪያው በክላስተሩ ላይ ከተተከለ፣ እያንዳንዱ ኖድና ፖድ በአሁኑ ሰዓት ስንት ሜሞሪ እንደ ወሰደ ያሳያል።

እስከዚህ ድረስ ባለሙያው 5 ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው፤ አንዳችም ነገር አልለወጠም፤ ሆኖም የችግሩን ምክንያት ያውቃል። የበዓሉ ጥያቄ ስለ በዛ 256 ሜጋባይት አልበቃም።

በጽሑፍ መለወጥ

አሁን ማኒፌስቱ ይታረማል፤ 256 የነበረው 512 ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ዲፍ» የተባለው ትእዛዝ በወረቀቱና በክላስተሩ መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል። ባለሙያው ሊለውጥ ያሰበው አንድ መስመር ሆኖ ሳለ ሦስት መስመር ተለውጦ ቢያይ፣ ቆም ብሎ መመርመር ይገባዋል። ልዩነቱ ትክክል ሲሆን «አፕላይ» ብሎ ያስገባል። ካቦውም ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያፈርስም፤ አዲስ ፖድ እያቆመ፣ መሥራቱን እያረጋገጠ፣ አሮጌውን በየተራ ያሰናብታል። አሮጌውም የጀመረውን ሥራ እንዲጨርስ፣ ሌላ ካልተጻፈ፣ 30 ሴኮንድ ይሰጠዋል። «ሮልአውት ስታተስ» የተባለው ትእዛዝ መተካካቱ ከምን እንደ ደረሰ ይናገራል።

አዲሱ እትም ስሕተት ቢገኝበት «ሮልአውት አን-ዱ» ወደ ቀድሞው እትም ይመልሳል። ሥርዐቱ፣ ሌላ ካልተወሰነ፣ የቀደሙትን 10 እትሞች ያስታውሳል። ነገር ግን የሚመለሰው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። ስሕተተኛው እትም በቆጠራ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ቍጥር ጽፎ ከሆነ፣ ያ ቍጥር አብሮ አይመለስም። ይህን ነጋዴው ልብ ሊለው ይገባል።

ሥራ ሲበዛ «ስኬል» በተባለው ትእዛዝ 3 የነበሩትን ፖዶች 6 ማድረግ ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህ በቃል እንደ ተሰጠ ትእዛዝ ነው። በማኒፌስቱ ላይ 3 ተብሎ እንደ ተጻፈ ከቀረ፣ በሚቀጥለው «አፕላይ» ጊዜ ካቦው ወረቀቱን አይቶ ወደ 3 ይመልሰዋል። በመዝገብ ያልገባ ሽያጭ በቆጠራ ቀን እንደሚያጣላ ሁሉ፣ በወረቀት ያልሰፈረ ለውጥም ባልታሰበ ቀን ችግር ያመጣል።

ማሽን ሲታደስ

መጋዘን ሲታደስ ዕቃው አስቀድሞ ወደ ሌላ መጋዘን ይዛወራል። ኖድም እንዲሁ ነው። «ኮርደን» ሲባል በዚያ ኖድ ላይ አዲስ ፖድ እንዳይመደብ ይከለከላል፤ ያሉት ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። «ድሬን» ሲባል ያሉትም በሥርዐት እንዲለቁ ይደረጋል፤ በሌላ ኖድ ላይም ይተካሉ። እድሳቱ ሲያልቅ «አንኮርደን» ተብሎ ኖዱ እንደገና ይከፈታል። ይህን የመጨረሻውን ትእዛዝ መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ኖዱ ባዶውን እየዋለ ኪራዩ ይከፈላል። እንዲሁም የቀሩት ኖዶች የሚለቀውን ሥራ መሸከም ይችሉ እንደ ሆነ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል፤ ካልቻሉ ፖዶቹ «ፔንዲንግ» ሆነው ይቀራሉ።

የማይመለሰው ትእዛዝ

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው «ዲሊት» ነው። አንድን ፖድ መሰረዝ ብዙ ጊዜ ከባድ ጉዳት አያደርስም፤ በማኒፌስቱ መሠረት ካቦው ሌላ ይተካልና። ኔምስፔስ የተባለውን መሰረዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኔምስፔስ በክላስተር ውስጥ እንደ አንድ የሥራ ክፍል የሚቈጠር ስም ነው፤ ሲሰረዝ በውስጡ ያሉት ፕሮግራሞች፣ ምሥጢራዊ ቃላትና የዲስክ ጥያቄዎች በሙሉ አብረው ይሰረዛሉ። በኪራይ ክላስተሮች ዘንድ እንደ ተለመደው ዲስኩ ጥያቄው ሲሰረዝ አብሮ እንዲጠፋ ተደርጎ ከሆነ፣ በዲስኩ ላይ ያለው የሽያጭና የቆጠራ መዝገብም ይጠፋል። «አን-ዱ» የሚባል ትእዛዝ ለዚህ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ባለንብረቶችን የሚያታልል አንድ ነገር አለ። ባለሙያው «የኢቲሲዲን መጠባበቂያ ቅጂ በየቀኑ እወስዳለሁ» ሊል ይችላል፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን ኢቲሲዲ የካቦው መዝገብ ነው እንጂ የነጋዴው መዝገብ አይደለም። ማን የት ይቀመጥ የሚለውን ይዟል፤ ማን ስንት ኩንታል ገዛ፣ ማን ስንት ብር ይቀርበታል የሚለውን አልያዘም። የደንበኞች ሒሳብ የሚገኘው በዲስኩ ላይ ነውና መጠባበቂያው ለብቻው መወሰድ አለበት። ቅጂውም ከክላስተሩ ውጭ ሊቀመጥ ይገባል፤ ዕቃውና ሰነዱ በአንድ መጋዘን ከተቃጠሉ ሰነዱ ምን ይጠቅማል?

ነጋዴው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ከዚህ በላይ የተነገረው በአምስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። ነጋዴው ባለሙያውን አስቀምጦ ቢጠይቀው መልካም ነው።

አንደኛ፤ በዋናው ክላስተር ላይ «ዲሊት» ማለት የሚችለው ማን ነው? «ኦዝ ካን-አይ» የተባለው ትእዛዝ አንድ ሰው የትኛውን ሥራ እንደ ተፈቀደለት ይመልሳል። የሚያየው ሁሉ የሚሰርዝ መሆን የለበትም፤ የካዝና ቁልፍ ለሁሉ እንደማይሰጥ ሁሉ።

ሁለተኛ፤ ማኒፌስቱ የት ይገኛል? ማኒፌስቶቹ በባለሙያው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ካሉ፣ እርሱ ሥራ የለቀቀ ቀን ድርጅቱ የራሱን አደረጃጀት አያውቅም።

ሦስተኛ፤ የደንበኞች ሒሳብ መጠባበቂያ ቅጂ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሶ የተሞከረው መቼ ነው? ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ ተከፍቶ ያልታየ ሣጥን ነው።

አራተኛ፤ የክላስተሩ የምስክር ወረቀቶች መቼ ያልቃሉ? ኩብ-አድም በተባለው መሣሪያ በራስ እጅ የተተከለ ክላስተር የምስክር ወረቀቶች አብዛኞቹ 1 ዓመት ነው የሚያገለግሉት። ሳይታደሱ ቢያልፉ ባለሙያው ራሱ ትእዛዝ መስጠት ይሳነዋል። የኩበርኔቲስ እትምም በዓመት 3 ጊዜ ያህል ይወጣል፤ እያንዳንዱም ከማኅበሩ ድጋፍ የሚያገኘው 14 ወር ያህል ነው።

አምስተኛ፤ የይለፍ ቃሎቻችን እንዴት ተቀምጠዋል? ሴክሬት የተባለው ማስቀመጫ፣ ተጨማሪ ካልተደረገለት፣ ቃሉን በሌላ ፊደል ይጽፋል እንጂ በቁልፍ አይቈልፍም፤ መዝገቡን ያገኘ ሰው ሊያነበው ይችላል።

በመጨረሻም አንድ ምክር እንጨምራለን። ሁሉም ሱቅ ክላስተር አያስፈልገውም። አንድ ቅርንጫፍ፣ አንድ የሽያጭ ፕሮግራምና ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ነጋዴ በአንድ ጥሩ ማሽንና በየቀኑ በሚወሰድ አስተማማኝ ቅጂ ሥራውን ሊያከናውን ይችላል፤ ለ10 ጆንያ ክሬን መከራየት አትራፊ አይደለም። ሥራው ሰፍቶ ክላስተር ያስፈለገው ነጋዴ ግን ባለሙያውን በችግር ሰዓት አያጣድፈው። «አጥፍተህ አስነሣው» ከማለት ይልቅ «ምን አየህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ያች አምስት ደቂቃ የበዓል ገበያውንም፣ የዓመት ሒሳቡንም ልታድንለት ትችላለች።